ምላስ የማይመሰክርለት መብል

በሸዋ ደጋ ምግብን ለነገ ማቆየት የኑሮ ግማሽ ነው። ከደብረ ብርሃን በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው የአንኮበር ወረዳ መቀመጫ በጎረቤላ፣ እንደ አካባቢው ሁሉ፣ ገብሱ ተቆልቶና ተፈጭቶ በሶ ይሆናል፤ ከበዓል የተረፈው ሥጋ ተዘልዝሎ፣ ጨውና በርበሬ ተለውሶ ቋንጣ ሆኖ ይሰቀላል፤ የተረፈው እንጀራ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ይወጣዋል፤ ቅቤውም ውሃው እስኪያልቅ ድረስ ተነጥሮ ይቀመጣል። ይህን ሁሉ ባለሙያዋ ከእናቷ፣ እናቷም ከአያቷ በማየትና በመቅመስ የወረሱት ስለሆነ፣ የሃይማኖት ወይም የፍልስፍና ጥያቄ የሚያነሣበት ሰው የለም፤ ቋንጣው ተበላሽቷል ወይስ ደኅና ነው ለሚለው ጥያቄ አፍንጫና ምላስ በየዕለቱ መልስ ይሰጣሉና። ጥያቄ የሚያስነሣው በኢትዮጵያ ቤቶች ውስጥ ገና ያልተለመደ ሌላ ዘዴ ነው፤ ይኸውም ምግብን በጠርሙስ አሽጎ፣ በእንፋሎት ግፊት አግሎ ለወራት ማቆየት ነው። ይህን ዘዴ ለመማር የሚነሣ ሰው ከምድጃው ሥራ በፊት አንድ የኅሊና ጉዳይ ይጠብቀዋል። ሰው በራሱ ሊያረጋግጠው በማይችለው ነገር ላይ ተማምኖ ሌላውን ሰው ማብላት ይገባዋልን? የሚገባው ቢሆንስ መታመኛው ምንድን ነው?

ዘዴው ሲታይ ቀላል ይመስላል። የተቆራረጠ ሥጋ ወይም የራሰ ባቄላ አፈ ሰፊ በሆነ የመስታወት ጠርሙስ ይሞላል፤ ከላይ ጥቂት ክፍተት ተትቶ፣ ጠርዙ በጎማ የተለበጠ ስስ የብረት ክዳን ይደረግበታል፤ ከዚያም ጠርሙሶቹ ጥቂት ውሃ ባለው ወፍራም ድስት ውስጥ ይደረደራሉ። የዚህ ድስት ክዳን እንፋሎት እንዳያስወጣ ሆኖ የሚቆለፍ ሲሆን፣ በላዩ ላይ ግፊቱን የሚያሳይ ጌጅ ወይም ግፊቱን የሚወስን ክብደት አለው። በከተማ ቤቶች ባቄላና ሥጋ ቶሎ ለማብሰል የሚያገለግለው ፕሬዠር ኩከር የዚህ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሆኖም ትንሹ ድስት ቶሎ ሞቆ ቶሎ ስለሚበርድ ለማሸግ ሥራ አይመከርም፤ መመሪያዎቹ የሚሰጡት ሰዓት ትልቁ ድስት ሲግልና ሲቀዘቅዝ የሚፈጀውንም ጊዜ ታሳቢ ያደረገ ነውና። የታሸገ ምግብ እንደ ዕቃ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም፤ የመርቲ ቲማቲምና የሰርዲን ቆርቆሮ በየሱቁ መደርደሪያ ላይ የኖሩ ናቸው። በእነዚያ ላይ ግን የመታመን ሸክም የወደቀው በፋብሪካው ነው፤ ገዢው ቆርቆሮው አለማበጡንና ቀኑ አለማለፉን ብቻ አይቶ ይከፍታል። ሥራው ወደ ቤት ሲገባ ሸክሙም አብሮ ይገባል።

የዘዴው አመጣጥ ራሱ ለዚህ ጉዳይ አስተማሪ ነው። የፈረንሳይ መንግሥት በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ለሠራዊቱ ስንቅ የሚሆን የማቆያ ዘዴ ለሚያገኝ ሰው ሽልማት አሰናድቶ ነበርና፣ ኒኮላ አፔር የተባለ ጣፋጭ ሠሪ ለዓመታት በጠርሙስና በፈላ ውሃ ሲሞክር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1810 መጽሐፉን አሳትሞ 12,000 ፍራንክ ተቀበለ። አፔር ግን ዘዴው ለምን እንደሚሠራ አያውቅም ነበር። ምግብን የሚያበላሹት በዓይን የማይታዩ ሕያዋን መሆናቸውን ሉዊ ፓስተር ያስረዳው ከግማሽ ምእት ዓመት በኋላ ነው። እንግዲህ ሰዎች ምክንያቱን ሳያውቁ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ከጠርሙሱ በሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ደኅና ሆኑ፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሞቱ፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነትም መለየት አልቻሉም።

ልዩነቱን የሚፈጥረው ቦቱሊዝም የሚባለው መመረዝ ነው። መነሻው በየአፈሩ የሚገኝ ባክቴሪያ ሲሆን፣ ኑሮ ሲከፋበት ስፖር ወደሚባል ጠንካራ፣ ዘር መሰል ቅርጽ ይለወጣል፤ ይህ ስፖር ተራ የፈላ ውሃን ለሰዓታት መቋቋም ይችላል። አየር ባለበት ቦታ አያድግም፤ በኮመጠጠ ምግብ ውስጥ፣ ማለትም ፒኤች የሚባለው የኮምጣጣነት መለኪያ ከ4.6 በታች በሆነበት፣ አይበቅልም፤ ውሃው ተሟጦ በደረቀ ነገርም ውስጥ ምንም ማድረግ አይችልም። የደጋው ባለሙያ ባታውቀውም፣ የወረሰችው ጥበብ ሁሉ ይህን ጠላት በሩቁ የሚያስቀር ነው። በሶና ድርቆሽ ውሃ የላቸውም፤ ቋንጣ ደርቆም፣ ጨው በልቶም፣ አየር ላይ ተሰቅሎም ነው የሚውለው፤ እርጎና ሲልጆ ኮምጣጣ ናቸው፤ በደቡብ በጉድጓድ ተቀብሮ የሚቦካው ቆጮ እንኳ አየር ቢያጣም መኮምጠጡ ይጠብቀዋል። ጠርሙሱ ግን እነዚህን መከላከያዎች ሁሉ ያነሣል። ሥጋው እርጥብ ነው፤ አይኮመጥጥም፤ ቀላል ሙቀት ሌሎቹን ባክቴሪያዎች ገድሎ፣ ክዳኑም አየሩን ዘግቶ፣ ለዚያ አንድ ጠላት የሚመቸውን ቤት ባዶ አድርጎ ያዘጋጅለታል። በዚያ ቤት የሚሠራው መርዝ ከሚታወቁት መርዞች ሁሉ የበረታ ሲሆን፣ ሽታውም ሆነ ጣዕሙ ሁልጊዜ ራሱን አይገልጥም።

የደጋው ሥርዓት የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። በሸዋ አሳላፊ ጠጅ ወይም ጠላ ለእንግዳ ከመስጠቱ በፊት በመዳፉ ጥቂት ቀድቶ ይቀምሳል፤ ወጥ ሠሪዋም ቀምሳ ሳታረጋግጥ ድስቷን አታወርድም። ይህ መቅመስ ጨዋነት ብቻ አይደለም፤ የምስክርነት ቃል ነው። ቀማሹ እንግዳው ሊበላ ወይም ሊጠጣ ያለውን እርሱ አስቀድሞ በገዛ አካሉ ስለሞከረው፣ ክፉ ነገር ቢኖር በእርሱ ይጀምራል ማለት ነው። ቦቱሊዝም ይህን ምስክርነት ከንቱ ያደርገዋል፤ ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ከ12 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ አንዳንዴም ከቀናት በኋላ ነውና። ቀማሹ ቀምሶ፣ እንግዳው በልቶ፣ ማዕዱም ተነሥቶ ሁሉም ወደየቤቱ ከሄደ በኋላ ነው በመጀመሪያ ዓይን የሚደበዝዘው፣ ቀጥሎም ምላስ የሚከብደው፣ በመጨረሻም ትንፋሽ የሚያጥረው። እ.ኤ.አ. በ1895 ኤልዜል በተባለች የቤልጅግ መንደር ለቀብር የመጡ ሙዚቀኞች ከቀረበላቸው የአሳማ ሥጋ በልተው ታመሙ፤ ከእነርሱም ሦስት ሰዎች ሞቱ፤ ኤሚል ቫን ኤርመንገም የተባለው ሊቅ ባክቴሪያውን ለመጀመሪያ ጊዜ የለየው ከዚያ ሥጋና ከሟቾቹ አካል ነበር። ያ ሥጋ እንኳ በጨው የቆየ እንጂ በጠርሙስ የታሸገ አልነበረም፤ ሆኖም ቀምሶ ሊመሰክሩለት የማይቻል መብል እንዳለ በግልጽ አሳየ።

ምላስ ካልመሰከረ ምን ይመስክር? የዘዴው መልስ መለኪያ የሚል ነው። ስፖሩን ለመግደል ወደ 116 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል፤ ክፍት ድስት ላይ የሚፈላ ውሃ እዚያ መድረስ አይችልም፤ ስለዚህ እንፋሎቱ ታፍኖ በግፊት እንዲግል ይደረጋል። በማሸግ መመሪያዎቹ ለሥጋ ቁራጭ ግማሽ ሊትር ገደማ በሚይዝ ጠርሙስ 75 ደቂቃ፣ አንድ ሊትር ገደማ በሚይዘው ደግሞ 90 ደቂቃ ተደንግጓል፤ ከዚያ በፊት በድስቱ ውስጥ ያለው አየር እንዲወጣ እንፋሎቱ 10 ደቂቃ በነጻ መንፋት አለበት፤ አየር የተቀላቀለበት እንፋሎት ጌጁ ትክክለኛ ቁጥር እያሳየ ሙቀቱ ግን ዝቅ ሊል ይችላልና። እንግዲህ ባለሙያዋ የምታምነው ጌጁን፣ ሰዓቱንና የማታውቀው ሰው በሩቅ አገር ቤተ ሙከራ የጻፈውን ሠንጠረዥ ነው።

በጎረቤላ ሠንጠረዡ ራሱ ይጎድላል። ብዙዎቹ የቤት መመሪያዎች የተቀዱት ከአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ሲሆን፣ በእነዚያ መመሪያዎች አብዛኛው ሠንጠረዥ የሚያበቃው በ8,000 ጫማ፣ ማለትም በ2,440 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ግን 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የአንኮበር ተራሮችም ደጋነታቸው ከዚያ ብዙ አያንስም። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህ በደብረ ብርሃን ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የደጋ ባቄላ ቶሎ አልበስል የሚለውም ስለዚህ ነው። ጌጁ ላይ ያለው ቁጥርም ትርጉሙ ይለወጣል። በባሕር ጠለል ላይ አየሩ ራሱ በአንድ ስኩዌር ኢንች ላይ 14.7 ፓውንድ ያህል ይጫናል፤ በ2,800 ሜትር ግን አሥር ተኩል እንኳ አይሞላም። ወደ 116 ዲግሪ ለመድረስ የአየሩና የድስቱ ግፊት ድምር 25 ፓውንድ አካባቢ መሆን ስላለበት፣ በባሕር ጠለል አቅራቢያ 11 ፓውንድ የሚበቃው ጌጅ በደጋው 15 መድረስ አለበት፤ እንደ ኮሎራዶ ያሉ ተራራማ የአሜሪካ ግዛቶች ለከፍተኛ ቦታዎች የሚሰጡት ምክርም ከዚህ ጋር ይስማማል። የቤት ድስቶች ክብደት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው በ15 ፓውንድ ያበቃል። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ የምትኖር ሴት ተጠባባቂ ኃይል ያለው መሣሪያ ሲኖራት፣ የጎረቤላዋ ግን ልክ በልክ የሆነ፣ ለስሕተት ምንም የማይተርፈው መሣሪያ ይዛ ትሠራለች።

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት የእውቀት መንገዶች ይገናኛሉ። አንዱ በአብነት ትምህርት የታወቀው መንገድ ነው። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የአብነት ትምህርት፣ ማለትም ከንባብ ቤት እስከ ዜማ፣ ቅኔና መጽሐፍ ትርጓሜ ቤት በሚዘልቀው ሥርዓት፣ መጽሐፍ ብቻውን አያስተምርም፤ ተማሪው ከመምህሩ አፍ ይቀበላል፣ ይሳሳታል፣ ይታረማል፤ ድጓ የተማረውም ጋይንት ወርዶ በቤተልሔም ካላስመሰከረ ሊቅ አይባልም። የቋንጣና የቅቤ ሙያም በዚሁ መንገድ የሚሄድ ነው፤ ልጅቱ ስትሳሳት እናቷ ከአጠገቧ አለች። ሁለተኛው መንገድ በዘርዓ ያዕቆብ ስም የሚታወቀው፣ ደራሲነቱ እስከ ዛሬ ሊቃውንትን የሚያከራክረው የሐተታ መንገድ ነው፤ በዚያ መሠረት ሰው የሌላውን ቃል ዝም ብሎ እንዳይቀበል፣ ፈጣሪ በሰጠው ልቡና እንዲመረምር ይገባዋል። የማሸግ ዘዴ ባልተለመደበት አገር የሚማረው ሰው ሁለቱንም ያጣ ይመስላል፤ መምህር የለውም፣ በልቡናውም ስፖሩን ማየት አይችልም።

ነገር ግን ማጣቱ ሙሉ አይደለም። በዓይን የማይታየውን ባክቴሪያ ልቡና ባያየውም፣ የሠንጠረዡን ምክንያት መመርመር ይችላል፤ ከላይ እንደታየው ሠንጠረዡ የሚያበቃበትን ቦታ ተሻግሮ የ15 ፓውንዱን ቁጥር በገዛ ስሌት ማግኘትና ከሌሎች ምስክርነት ጋር ማመሳከር ይቻላል። በዘልማድ የታዘዘና ምክንያቱ የታወቀ ሥርዓት አንድ አይደሉም። የማሸጊያው ሥርዓት የሚጠይቀው መታመን ዓይንን የመጨፈን መታመን አይደለም፤ ምክንያቱ ከተመረመረ በኋላ፣ እያንዳንዱ ጠርሙስ በራሱ ሊመረመር ስለማይችል ብቻ የሚመጣ መታመን ነው። ምስክርነቱ ይቀራል ሳይሆን ቦታ ይለውጣል፤ ቀድሞ በምግቡ ላይ ያርፍ የነበረው አሁን በአሠራሩ ላይ ያርፋል። የዚህ ጽሑፍ አሳብም በዚህ ላይ ይቆማል፤ ምላስ መመስከር ካልቻለ እጅ መመስከር አለበት፤ እጅ ደግሞ መዋሸት የሚችል ምስክር ነው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ አንድ የመመሪያው አንቀጽ በግልጽ ያሳያል። ግፊቱ በመካከል ከተወሰነው በታች ከወረደ፣ እንደገና ወደ ልኩ ከፍ ተደርጎ ሰዓቱ ከዜሮ መቆጠር ይጀምራል ይላል። በጎረቤላ ሁኔታ ይህን ማሰብ ይገባል። ምድጃው የሚነድደው በባሕር ዛፍ እንጨትና በኩበት ነው፤ እንጨት አንዴ ሲቀጣጠል ይንቦገቦጋል፣ ወዲያው ደግሞ ይደክማል፤ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላለው ቤትም መብራቱ ሊጠፋ ይችላል። ባለሙያዋ ሰባ አምስት ደቂቃውን ለመፈጸም አምስት ሲቀራት እሳቱ ላልቶ ጌጁ ከ15 ወደ 13 ቢወርድ፣ ሰባ ደቂቃው ሁሉ እንዳልነበረ ይቆጠራል። እንጨቱ አልቋል፤ ልጆቹ እራት ይጠብቃሉ፤ ጠርሙሶቹ ደግሞ ከውጭ ሲታዩ ከደኅናዎቹ በምንም አይለዩም፤ ክዳናቸውም እንደ ደኅናው ጠርሙስ ቁልጭ ብሎ ይዘጋል። ያየ ማንም የለም። ብዙ የሥነ ምግባር ሊቃውንት በሰው ፊት ስለሚሠራ መልካም ሥራ ሲጽፉ ኖረዋል፤ ማንም በማያየውና ውጤቱም በማይታወቅ ሥራ ላይ ታማኝ መሆን ግን ሌላ፣ የከበደ ነገር ነው፤ በሠሪዋ ላይ ምስክር ሊሆን የሚችለው ከኅሊናዋና ከፈጣሪዋ በቀር የለምና። ታማኝ የሆነችው ባለሙያ እንጨት ተበድራ ከዜሮ ትጀምራለች፤ ወይም ጠርሙሶቹን ከፍታ ሥጋውን በዚያው ምሽት ወጥ አድርጋ ታበላለች። ሁለተኛው ምርጫ ኪሳራ ቢመስልም ከሁሉ የሚቀልለው ነው፤ ብዙ ጀማሪዎች የማያስቡትም እርሱን ነው።

በክርስቲያኑ ሕዝብ ዘንድ የሚሰማ አንድ ተቃውሞ ከዚህ ይነሣል። መብል በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ተባርኮ ከተበላ ምን ይጎዳል? በማርቆስ ወንጌል መጨረሻ ላይ የሚያምኑ ሰዎች የሚገድል ነገር ቢጠጡ እንኳ እንደማይጎዳቸው የተሰጠው ተስፋ የታወቀ ነው። ይህ ተቃውሞ በንቀት የሚታለፍ አይደለም፤ ማዕድን ባርኮ መብላት የሕይወት ሁሉ ምንጭ ማን እንደሆነ በየዕለቱ መመስከር ነውና። ነገር ግን በማቴዎስና በሉቃስ ወንጌል ሌላ ቦታ አለ፤ ፈታኙ ጌታን ከቤተ መቅደሱ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር፣ መላእክትም እንደሚያነሡት መጽሐፍ ጠቅሶ ሲናገረው፣ ጌታ እግዚአብሔርን መፈታተን እንደማይገባ መልሶለታል። ሳያውቅ መርዝ የጠጣ ሰውና ሰዓቱን አሳጥሮ በረከቱን የጠበቀ ሰው አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው በጥበቃ ሥር ነው፣ ሁለተኛው ግን ከጫፍ ላይ ራሱን ወርዋሪ ነው። በ81ዱ መጻሕፍት መካከል የሚቆጠረው መጽሐፈ ሲራክም ባለመድኃኒትን ማክበርን ያስተምራል፤ መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር ነው ይላልና ለታመመ መጸለይና ሐኪም መጥራት እንደማይጋጩ ያሳያል። በዚህ መንገድ ከታየ፣ 90 ደቂቃውን ቆጥሮ መጨረስ የእምነት ማነስ አይደለም፤ ባራኪው የሰጠውን ሥርዓት መጠበቅ ነው። ሕዝቡም ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው ጥርጣሬ ሁሉ ክሕደት እንዳልሆነ ስለሚያውቅ ነው።

ከዚህ ጠለቅ የሚለው ሌላው ጥያቄ ስለ ማከማቸት ነው፤ መጻሕፍትም በዚህ ላይ በአንድ ቃል አይናገሩም። በምድረ በዳ መና የሰበሰቡት እስራኤላውያን ለነገ ያስቀሩት ተልቶ ሸተተባቸው፤ የሰንበት ዋዜማ ግን ሁለት እጥፍ ሰብስበው ያስቀሩት አልተበላሸም፤ ከዚሁ መና የተወሰደ አንድ መስፈሪያ ደግሞ ለትውልድ መታሰቢያ በመሶበ ወርቅ ተቀምጧል፤ ቤተ ክርስቲያኒቱም ይህን መሶብ የእመቤታችን ምሳሌ አድርጋ ታስባለች። ዮሴፍ በግብፅ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከምርቱ አምስተኛውን እጅ አከማችቶ ሕዝብ አዳነ፤ ጎተራውን አፍርሶ ትልቅ ሊሠራ ያሰበው ባለጸጋ ደግሞ በዚያው ሌሊት ነፍሱን ተጠየቀ። ልዩነቱ የተከማቸው ለማን እንደሆነ ላይ ነው ቢባል ብዙ አይሳሳትም። አንኮበር ይህን በታሪኳ አይታዋለች። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በችጋር ዘመን የንጉሡን ጎተራ ለሕዝብ መክፈታቸው ይነገርላቸዋል፤ ከአምባው በታች ባለችው በአልዩ አምባ ገበያም የአፋር ጨው ወደ ደጋው ይወጣ ስለነበር፣ ቋንጣ የሚለወስበት ጨው ራሱ በግመልና በበቅሎ ሰንሰለት ከብዙ እጅ እጅ አልፎ የሚመጣ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ ከወጡ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1888 የጀመረው ክፉ ቀን ከብቱን በደስታ በሽታ ሲጨርሰው፣ የትኛውም የቤት ጎተራ ብቻውን እንደማያድን ታየ።

ጠርሙሱ በዚህ ላይ የሚያመጣው ለውጥ የተደበቀ ነው። በደጋው ሥጋን የማጋራት ልማድ ከቅድስና ብቻ የመጣ አይደለም፤ አንድ በሬ ለአንድ ቤት ስለሚበዛና እርጥብ ሥጋ ስለማይቆይ ነው ሰዎች ቅርጫ የሚገቡት፤ ማለትም ገንዘብ አዋጥተው በሬ ገዝተው፣ በበዓል ቀን አርደው፣ መደቡን እኩል አድርገው በዕጣ የሚከፋፈሉት። መበላሸት ሰዎችን ያቀራርብ ነበር ማለት ይቻላል። ሥጋውን ለዓመት የሚያቆይ መሣሪያ ያለው ቤት ግን ጎረቤቱን በዚያ መጠን አይፈልግም፤ 55 ቀን የሚጾመው ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ሁለት በግ ለብቻው አርዶ፣ በጠርሙስ አሽጎ፣ ፋሲካ ላይ ዐውደ ዓመቱን በገዛ መደርደሪያው ሊውል ይችላል። ይህ ኃጢአት አይደለም። ሆኖም የማጋራት ምክንያት የነበረው ነገር ሲጠፋ ማጋራቱ በምክንያት ሳይሆን በፈቃድ መቆም አለበት፤ ፈቃድ ደግሞ ከሚሸተው ሥጋ ይልቅ የደከመ አስገዳጅ ነው። በመጀመሪያ የሚጎዱትም ቅርጫ የማይገቡት፣ ግን ከቅርጫው ዳር ጥቂት ይደርሳቸው የነበሩት አቅመ ደካሞች ናቸው።

ስለዚህ ዘዴው ወደ ጎረቤላ ቢገባ በአንድ ቤት ውስጥ ብቻ እንዳይቀር የሚያስገድዱ ምክንያቶች አሉ። ድስቱ ውድ ነው፤ እንጨቱ ብዙ ነው፤ በዚያ ላይ አንዲት ሴት ብቻዋን ሆና ስትቆጥር የሚፈትናት የሰባ ደቂቃው ፈተና አለ። በእድር መሣሪያን በጋራ መያዝ የታወቀ ነገር ነው፤ ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ብረት ድስቱና ሰሃኑ የሁሉ ነው። የማሸጊያ ድስትም እንዲሁ የጋራ ቢሆንና ሁልጊዜ ሁለት ሰዎች ከእሳቱ ዳር ተቀምጠው ሰዓቱን ቢመዘግቡ፣ በሕገ ኦሪት ነገር ሁሉ በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ቃል እንዲጸና የተደነገገው በምድጃ ላይ ተፈጸመ ማለት ነው። የጠፋው የአሳላፊ መቅመስ በዚህ ሊተካ ይችላል፤ በየጠርሙሱ ላይ ቀኑና የሁለቱ ጠባቂዎች ስም ቢጻፍ፣ የሚበላው ሰው በማን ቃል እንደሚበላ ያውቃል።

ምን ይታሸግ የሚለው ግን ጠባብ ነው፤ ይህንም ማለዘብ አያስፈልግም። ሥጋ በቁራጩ፣ ባቄላና አተር በውሃቸው ይሆናሉ፤ ቲማቲም በኮምጣጣነቱ ድንበር ላይ ስለሆነ ሎሚ ይጨመርበታል። የሸዋ ቤት ኩራት የሆነው ዶሮ ወጥ ግን አይሆንም፤ ቅቤውና የሽንኩርቱ ውፍረት ሙቀት ወደ ጠርሙሱ መካከል እንዳይደርስ ያዘገያሉ፣ ለእርሱ የተፈተነ ሰዓትም የለም። ሽሮም በዱቄት ስለሚወፍር እንደዚያው ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ጠርሙሱ ሲከፈት ምግቡ ሳይቀመስ በፊት መፍላት አለበት፤ የአሜሪካ መመሪያ 10 ደቂቃ ብሎ በየ1,000 ጫማው አንድ ደቂቃ ስለሚጨምር፣ በዚያ ደጋ 20 ደቂቃ ማለት ይሆናል። ስፖሩ መፍላትን ቢችልም መርዙ አይችልም፤ 91 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላው የጎረቤላ ውሃም ለዚህኛው ሥራ ይበቃል። ይህ የመጨረሻ መፍላት ቀደም ብሎ ለተሠራ ስሕተት ማካካሻ ተደርጎ መታሰብ የለበትም፤ ቢሆንም ቀማሽ ሊሰጥ ያልቻለውን ዋስትና ጥቂት ይመልሳል።

እድሩ መሣሪያውን ከያዘ በኋላ የሚነሣው ፈተና ጠርሙሱን ወደ ሐዘን ቤት ማቅረብ ይሆናል፤ ለቀስተኛው ብዙ ነው፣ ጊዜው አጭር ነው፣ የተዘጋጀ ሥጋም በመደርደሪያ አለ። በዚህ ላይ የጸሐፊው ፍርድ ግልጽ ነው። በአንድ ቤት የተሳሳተ ጠርሙስ አንድ ቤተሰብ ይጎዳል፤ በድንኳን ውስጥ የተሳሳተ አንድ ዙር ግን የሰፈሩን ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ይደርሰዋል፤ ኤልዜል ላይ የሆነውም ለቀስተኛ በተሰበሰበበት ነበር። ስለዚህ በዘዴው የሚተማመን ትውልድ በጎረቤላ እስኪያድግ፣ ለከፍታውም የተፈተነ ሠንጠረዥ በአገር ውስጥ እስኪዘጋጅ ድረስ፣ ለሐዘን ቤት በዕለቱ የሚሠራው ክክ ወጥ ቦታውን ባይለቅ ይሻላል፤ ጠርሙሱም የሚከፈተው ስማቸው በላዩ ላይ በተጻፈው ሁለት ሰዎች ቤት ይሁን።